አራት ጥቁር ካንዴላዎች

ዙሌማ የመጀመሪያዋን የሞተር ካንዴላ ከጨርቁ ኪስ አውጥታ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ጥቁር ናት። የድስት ቂጥ አጠገቧ ቢቀመጥ የታጠበ የሚመስልባት ዓይነት ጥቁር። ሁለተኛዋም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። አራተኛዋን ሳታወጣት አወቀቻት።

አባቷ ኤፍራይን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ። ኤፍራይን ዝም ሲል የመንደራቸው የኦሆስ ኔግሮስ ውሾች ሳይቀሩ መጮህ ያቆማሉ ይባላል። አጎቷ ፌርሚን የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል፤ እሱ ነው ሾፌሩ፣ ካንዴላዎቹንም ከሙከራ ያመጣቸው እሱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ፌርሚን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለው ቀጥ ያለ የአቧራ መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ቤንዚን ረግጦ ይነዳል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየጮኸ ሳለ ድንገት ቁልፉን ያጠፋል። መኪናዋ በራሷ ተንከባልላ ስትቆም፣ እዚያው ሜዳው ላይ አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ ቁጥር በተጻፈባቸው የጨርቅ ኪሶች ይከታቸዋል፤ በቦታቸው ሌላ አራት አስሮ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የዙሌማ ነው። ካንዴላዋ ቡኒ ከሆነች ሞተሩ በልክ በልቷል። ጥቁር ከሆነች ቤንዚን በዝቶበት እየታነቀ ነው። ነጭ ከሆነች ግን ቤንዚን አንሶት እየተቃጠለ ነው፤ በነፋስ ብቻ ለሚቀዘቅዝ፣ የውሃ ጠብታ ለማያውቅ የቮልስ ሞተር ከነጭ የባሰ ቀለም የለም።

ዙሌማ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ካንዴላ በማንበብ ግን አባቷም አይደርስባትም። ከኤንሴናዳ ከተማ ድረስ ካንዴላ በኪሳቸው ይዘው የሚመጡላት ሰዎች አሉ ይባላል። እውነቱ አንድ ሰው ነው የመጣው፣ እሱም መንገድ ጠፍቶት።

ሞተሩን ኤፍራይን የሠራው በሁለት ዓመት ነው። ክራንኩን ከአንዱ፣ ቴስታታውን ከሌላው፣ ፒስተኖቹን እግዜር ከሚያውቀው ቦታ ሰብስቦ፣ እየሞረደና እየመዘነ ገጣጥሞታል። የመኪና ውድድሩ ቅዳሜ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርበውን ካርቡራተር መምረጥ።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ድሮም የነበራቸው አሮጌ ካርቡራተር ነው፤ ሞተሩ መሃል ላይ ብቻውን ተቀምጦ አራቱንም ሲሊንደር በረጅም ቱቦ ያበላል። ታማኝ ነው፣ ተራራው ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌላው ጥንድ ነው፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተቀምጠው እየጮሁ አየር የሚስቡ ሁለት ትልልቅ ካርቡራተሮች። እነዚህን ያመጣቸው የዙሌማ የክፍል ጓደኛ ኡሊሴስ ነው። አያቱ ዶን ክሪስፊን ከመሞታቸው በፊት በአሸዋ ላይ በሚወዳደሩባት መኪናቸው ገጥመው ይነዱባቸው ነበር። ኡሊሴስ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ያመጣቸው።

ችግሩ የኡሊሴስ ዘመዶች ናቸው። የእናቱ ወንድም ሰማያዊዋን መኪና ነው የሚያወዳድረው፤ ያቺ ሰማያዊ መኪና ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ለእነ ኤፍራይን አቧራዋን ስታበላቸው ኖራለች።

አሮጌው ሲሞከር ካንዴላው ቡኒ ነበር። ጥንዱ ሲገጠም ጥቁር ሆነ። በካርቡራተር ሆድ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባቸው፣ መሃላቸው የተበሳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ፤ ኤፍራይን ቀዳዳቸው በጠበበና የተጻፈባቸው ቁጥር ባነሰ ሌሎች ለወጣቸው። ጥቁር። ደግሞ አጠበበ። ይኸው ዛሬ ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሙከራ፣ ጥቁር።

«ይህን ያህል ቀንሼለት አሁንም ይታነቃል?» አለ ኤፍራይን። ካርቡራተሮቹን ከፍቶ ብሎኖቹን አወጣ። ቁጥራቸው ትክክል ነው። በዓይኑ አስጠግቶ አያቸው፣ ወደ ዙሌማም አሳለፋቸው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ቀዳዳው ትልቅ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ሞረድ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ያሰፋዋል፣ ቁጥሩን የሚነካው የለም።

ብሎኖቹ የሚቀመጡት ዙሌማ በምትጠብቃት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኡሊሴስ ክዳኗን ከፍቶ አግኝታው ነበር። ምን ፈልገህ ነው ስትለው ጨርቅ ፈልጌ ነው አላት። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨርቅ። ጨርቁማ እፊቱ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማታ ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ በክዳኑና በቆርቆሮው መሃል አጣበቀች። ማክሰኞ ፀጉሩ በቦታው ነበር፤ ይህም ይበልጥ አስጠረጠራት። ፀጉር አይቶ መልሶ የሚያጣብቅ ሰው ቀላል ሰው አይደለምና።

እናም አሁን ለአባቷ ነገረችው። የቆርቆሮውን፣ የጨርቁን፣ የሰማያዊዋን መኪና፣ ሁሉንም አያይዛ። እየተናገረች እያለ ነገሩ ከአፏ ሲወጣ ካሰበችው በላይ እውነት እየመሰለ ሄደ። አጎቷ ፌርሚን ጫማውን ያይ ነበር።

ኡሊሴስ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ በብስክሌቱ ሲመጣ ኤፍራይን በሩ ላይ ጠበቀው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዛሬ ጀምሮ ግቢው ውስጥ እንዳይታይ፣ ነገ አንድ የመጨረሻ ሙከራ እንደሚደረግ፣ አሁንም ጥቁር ከሆነ ካርቡራተሮቹን መጥቶ እንዲወስድ ነገረው። አያቱም ቢሆኑ ድሮ ውድድር ያሸነፉት በምን እንደሆነ አሁን እንደገባው ጨመረበት። ኡሊሴስ ኤፍራይንን አላየውም። ከትከሻው በላይ አሻግሮ ዙሌማን ነው ያየው።

«የአያቴ ካርቡራተሮች ምንም የላቸውም» አለ፤ ብስክሌቱንም አዞረ።

ሐሙስ ጠዋት ኤፍራይን ገና ከማሸጊያቸው ያልወጡ አዲስ ብሎኖችን፣ ከሁሉም የጠበቡትን፣ በገዛ እጁ አሰረ። ማንም እንዳልነካቸው እርግጠኛ ነው። ከዚህ በኋላ ጥቁር ከሆነ ጥፋቱ የካርቡራተሮቹ ነው፤ አሮጌው ይገባል፣ ቅዳሜም ተራራው ላይ ትንፋሽ አጥሮአቸው ሰማያዊዋ ታልፋቸዋለች። የሁለት ዓመት ልፋት መና ይቀራል።

ክፍል ውስጥ ኡሊሴስ ሁለት ረድፍ ቀድሟት ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም አልዞረም። ደወሉ ሲደወል ግን ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፣ ብስክሌቱንም ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሙከራው መንገድ አዞረው። ዙሌማ የገባት መሰላት። ስለዚህ ብሎኑ አይደለም፣ መንገዱ ላይ ነው የሆነ ነገር የሚያደርገው። ብስክሌቷን አንስታ፣ አቧራው እስኪረግፍ ርቀቷን ጠብቃ ተከተለችው።

በሽንኩርት ማሳው ጥግ ባለው ደረቅ የመስኖ ቦይ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ አገኘችው። የትምህርት ቤት ሸሚዙ ሸሚዝ መሆኑ ቀርቷል። ከኋላው ተንበርክካ ሄዳ ቁርጭምጭሚቱን ያዘች።

«ያዝኩህ» አለችው።

ኡሊሴስ ዞሮ አያት። አልደነገጠም። «እኔ ነኝ የያዝኩሽ» አላት።

«ሙድ አትያዝብኝ። እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንቺን እየጠበቅኩ ነዋ። ካንዴላዎቹን በጎማ ጭስ የምታጠቁሪው እዚህ መጥተሽ መስሎኝ።»

ዙሌማ ጥርጣሬ ከእሷ ወደ ሰው እንጂ ከሰው ወደ እሷ ሊመጣ እንደሚችል አስባ አታውቅም ነበር። ለምን አጠቁራለሁ አለችው። እሱም አባቷ የዶን ክሪስፊንን ዕቃ ገጥሞ ማሸነፍ እንደሚያሳፍረው፣ አሮጌው እንዲመረጥ እንደሚፈልግ፣ እሷም እንደምትረዳው አስቦ እንደነበር ነገራት። ፊቱ ቀልቷል።

«ሰኞስ ቆርቆሮዬን የከፈትከው?»

«ቁጥሮቹን እያየሁ ነበር። ያቀበልሽው አባትሽ ያዘዘሽን መሆኑን።»

«ጨርቅ ነው ያልከኝ።»

«ታዲያ ተጠራጥሬሽ ነው ልበልሽ?» አላት ኡሊሴስ። «ዋሸሁ። ፋራ ውሸት ነበር፣ አውቃለሁ።»

መልስ ሳትሰጠው የሞተሩ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ከሩቅ እንደ ንብ፣ ቀጥሎ መሬቱን እያንቀጠቀጠ። ቢጫዋ ቮልስ አቧራዋን እንደ ጅራት እየጎተተች ከፊታቸው አለፈች። ሁለቱም ራሳቸውን ቀብረው ጠበቁ፤ አሁን ፌርሚን ቁልፉን ያጠፋል፣ አሁን ጸጥ ይላል።

ጸጥ አላለም። ጩኸቱ ቀስ እያለ ወረደ፣ ማርሽ ተቀየረ፣ ሞተሩም ቤንዚን ሳይረገጥ በሚኒሞ ዱብ ዱብ እያለ ወደ ግራ ታጠፈ። በግራ በኩል ያለው የዶኛ ኦቲሊያ የአይብ ቤት ብቻ ነው።

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም በቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሮጡ።

ፌርሚን መኪናዋን በዶኛ ኦቲሊያ በር ላይ አቁሞ ሞተሩን አላጠፋም። የመኪናዋን በር ተደግፎ፣ በአንድ እግሩ ቤንዚኑን እየነካ እየነካ ያስጮሃታል። ዶኛ ኦቲሊያ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት የሆናት፣ በጉልበት ቦት ጫማ የምትሄድ፣ ስትስቅ ከብቶቿ የሚያዩዋት ሴት ናት። አይብ የሚጨመቅበትን ጨርቅ በእጇ ይዛ ትሰማዋለች። ፌርሚን ደግሞ ከሳን ፌሊፔ ተነስቶ አንድ ጎማው ወልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦት፣ በሦስት ጎማ ኤንሴናዳ ስለገባበት ቀን እያወራላት ነው። ባለፈው ዓመት ሲያወራው ሁለት ጎማ ነበር የቀረው፤ ለዶኛ ኦቲሊያ ሲል ማጋነኑን ቀንሶታል።

ዙሌማ ሰዓቷን አየች። ሁለት ደቂቃ። አምስት። ዘጠኝ። በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ሳያቃጥል ይውጣል፣ ካንዴላው ላይም ጥቀርሻ ይቀባል። ከዚህ በፊት መንገዱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እዚህ በር ላይ እያጠፋው ነው። አሮጌው ካርቡራተር ሲሞከር ለምን ቡኒ እንደነበረም አሁን ገባት። አሮጌው የሚያሰማው ድምፅ የለውም። በሴት በር ላይ የሚቆምበት አልነበረም።

«ዛሬ ድምፁ ቀጥኗል» አለችው ዶኛ ኦቲሊያ። «የመጀመሪያ ቀን ይሻል ነበር። ዛሬ ጉሮሮዋን የታመመች ትመስላለች።»

ፌርሚን ሳቀ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሞተሩን አጠፋና የካንዴላ መፍቻውን ከወንበሩ ሥር ሳበ። ዙሌማ ከቦዩ ወጣች። ኡሊሴስም ከኋላዋ ወጣ።

ፌርሚን ሁለቱን አቧራ የለበሱ ልጆች ሲያይ መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ምን ታደርጋለች ብሎ እንደሆነ ተናገረ። ዶኛ ኦቲሊያ አንዴ እሱን አንዴ ልጆቹን አይታ ገባት መሰል፣ ጨርቋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።

ዙሌማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ አሁኑኑ ተመልሶ በትክክል እንዲሠራ። ፌርሚን ጥቁሮቹን ፈትቶ ንጹሖቹን አራት ካንዴላዎች አስሮ ወደ መንገዱ ጫፍ ተመለሰ። እሷና ኡሊሴስ በሌላው ጫፍ ቆሙ። መኪናዋ እየጮኸች መጣች፣ ዙሌማ እጇን ጣለች፣ ፌርሚን ቁልፉን አጠፋ። ያን ጊዜ የመጣው ጸጥታ የሽንኩርቱን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ አሰማቸው።

ሞተሩ የሚያቃጥል ነበርና መፍቻውን በጨርቅ ይዛ ካንዴላዎቹን ራሷ መፍታት ጀመረች። የመጀመሪያዋ ነጭ። አጥንት የመሰለች ነጭ። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋን ለረጅም ጊዜ ይዛት ቆየች፤ ጫፏ ላይ ከስኳር ፍሬ ያነሱ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች አሉ።

«ምንድን ነው?» አለ ፌርሚን።

«ፒስተኑ ነው» አለ ኡሊሴስ። «መቅለጥ ጀምሯል። ብሎኖቹ ያለ ልክ ጠበውበታል።»

ፌርሚን መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ቁጭ ብሎ ዙሌማ አይታው አታውቅም። መኪና መንዳት ያስተማራት እሱ ነው፤ እግሯ ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ እሱ ይረግጥላት ነበር። ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ትእዛዝ ጥሶ ማርሽ ሰብሮ ነበር፤ ኤፍራይንም ደግሞ ብትደግም መሪውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎታል። ወንድሙን ያውቀዋል፤ ያለውን ያደርጋል።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አላት። «ቆርቆሮዋ በእጅሽ ነች። የመጀመሪያዎቹን ሰፋፊዎቹን ብሎኖች ማንም ሳያይ መልሰሽ እሰሪ። ለአባትሽ ዛሬም ጥቁር ነው በይው፣ ነገ ጠዋት አንዴ ልሞክር ብዬ እለምነዋለሁ። በአባቴ አጥንት፣ በትክክል እነዳለሁ። ቡኒ ይሆናል። ጥንዱ ይመረጣል፣ ሞተሩ ይተርፋል፣ ቅዳሜ እኔ እነዳለሁ። ማን ተጎዳ?»

ዙሌማ አሰበችው። እውነቱን ለመናገር ከማሰብም አልፋ ግማሽ መንገድ ሄዳለት ነበር። ሁሉም ነገር ይገጥማል። አባቷ ይደሰታል፣ አጎቷ መሪውን አያጣም፣ ስለ ኡሊሴስ ያለችውንም ነገር መልሳ መዋጥ የለባትም።

ኡሊሴስ ብስክሌቱን ከቦዩ እየሳበ ነበር። የጎማውን አቧራ በእጁ ያራግፋል። እያየችው የቀረው ግማሽ መንገድ ታያት። ኡሊሴስ ረቡዕ ተባረረ፤ ዓርብ ካንዴላው ቡኒ ሆነ። አባቷ ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ከአሁኑ ሰማችው። መንደሩም ከእሱ ቀጥሎ ይለዋል። ዶን ክሪስፊን መቃብራቸው ውስጥ ሆነው የልጅ ልጃቸው በተንኮለኛነት ይጠራል፣ ማስረጃውም የእሷ ቡኒ ካንዴላ ይሆናል።

«ትናንት እሱ ሲባረር» አለችው አጎቷን፣ «አንተ ግንቡ ጋ ቆመህ ነበር።»

ፌርሚን ሌላ ታሪክ አልፈጠረም፤ ይህም ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ዙሌማ አራተኛዋን ካንዴላ ፈታች። አራቱን ነጮች በአንድ ኪሷ፣ ጥቁሮቹን በሌላው ከተተች፤ የካንዴላውን መፍቻ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ ዚፑን ዘጋች። ሞተሩ ላይ አራት ባዶ ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ።

«እሰሪያቸው እንጂ፣ በምን ልንሄድ ነው?» አላት ፌርሚን።

«እንገፋታለን።»

«በመንደሩ መሃል? ሰው ሁሉ ያያል እኮ።»

«ይየን» አለችው።

ፌርሚን ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና በሾፌሩ መስኮት በኩል አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ትከሻውን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ። ዙሌማ ወደ ኋላ ዞረች። በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጥግ ገፊ አልነበረውም። ኡሊሴስ ወደ ጥጉ አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«አባትሽ እዚያ ግቢ እንዳላይህ ብሎኛል» አላት።

«በሩ ድረስ ግፋ። በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

ብስክሌቱን ከቦዩ ጥግ አስተኝቶ መጣ። መኪናዋ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች፣ ከዚያ ጎማዎቹ ከአቧራው ወጥተው መንከባለል ጀመሩ። የአይብ ቤቱን አለፉ። ዶኛ ኦቲሊያ በመስኮቷ ቆማ አየቻቸው። የመጀመሪያዎቹን ቤቶች አለፉ፤ ቶርቲያ የሚሉትን ስስ ቂጣ የምትሸጠው ሴትዮ ምን ሆናችሁ ስትል ማንም አልመለሰላትም፣ አንድ ውሻና ሦስት ሕፃናት ግን ተከተሏቸው።

ከመንገዱ ጫፍ ኤፍራይን ከግቢው ሲወጣ ታየ። የሞተር ድምፅ ሲጠብቅ ቆይቶ ነው። እጁን በግንባሩ ላይ አድርጎ አያቸው፤ መኪናዋን፣ ወንድሙን፣ ሴት ልጁን፣ ከእሷ አጠገብ ያለውንም። መራመድ ጀመረ፤ ፈጠን እያለ።

ፌርሚን ጉሮሮውን ጠረገ። «መንገዱ ላይ አንድ ላም ገብታብኝ ነው ብዬ ብነግረው...» ብሎ ጀመረ።

«አጎቴ» አለች ዙሌማ፣ ትከሻዋን ከመኪናዋ ሳታነሳ። «መጀመሪያ እኔ ነኝ የምናገረው። የትናንቱን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ፌርሚን መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ኡሊሴስ በአጠገቧ ይበልጥ ገፋ።